አልነሣም ያለ አውቶሞቢል፤ በደሴ ብርድና በቆቦ ሙቀት



ማለዳ ከደሴ ተነሥተው፣ ሐይቅንና ውጫሌን፣ መርሳንና ወልድያን አልፈው፣ ከዚያም በዶሮ ግብር፣ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ራያ ሜዳ ወርደው ለምሳ ቆቦ ላይ ያረፉ እንደ ሆነ፣ አውቶሞቢልዎም ዕድሜ የጠገበ ባለ ካርቡራቶር ከሆነ፣ ከምሳ በኋላ የሚገጥምዎትን ነገር ምናልባት ያውቁት ይሆናል። ጠዋት በብርድ የተነሣው፣ መንገዱንም ሁሉ ያለ አንዳች ቅሬታ የመጣው ሞተር፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ቁልፉን ሲያዞሩት ያጓራል፣ ይንፈራገጣል፣ ነገር ግን አልነሣም ይላል።

እዚህ ላይ ብዙው ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ጠዋት የረዳውን ነገር ይደግማል። ቾኩን ይስባል፣ የቤንዚን መስጫውን ፔዳል ደጋግሞ ይረግጣል፣ ቁልፉንም ባትሪው እስኪደክም ድረስ ያዞራል። እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ ማለዳ በደሴ ብርድ አልነሣም ያለ ሞተርና በቀትር በቆቦ ሙቀት አልነሣም ያለ ሞተር ምልክታቸው አንድ ይሁን እንጂ በሽታቸው የተለያየ፣ እንዲያውም ተቃራኒ ነው። የአንዱ መድኃኒት ለሁለተኛው መርዝ ይሆናል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን የተማረው በውድ ዋጋ ነው። የታመሙ እናቱን ከቆቦ ወደ ወልድያ ለማድረስ በግንቦት ወር ረፋዱ ላይ በአሮጌ አውቶሞቢሉ ደረሰ። ሞተሩን አጥፍቶ ገባ፤ ከዘመድ ጋር ቡና ጠጥቶ፣ እናቱን ደግፎ ይዞ ቢወጣ አውቶሞቢሉ አልነሣ አለው። ሃያ ጊዜ ያህል ሞከረ፤ የሰፈሩ ጎረምሶችም ገፉለት፤ በመጨረሻ ባትሪው ደከመ። እናቲቱ በፀሐይ ብዙ ከተቀመጡ በኋላ በመንገደኛ አውቶቡስ ተሳፍረው ከሌላ ልጃቸው ጋር ሄዱ፤ እርሱ ከአውቶሞቢሉ ጋር ቀረ። የተጠራውም መካኒክ «ቦቢናው ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ አስገባ። ባትሪው እስኪሞላ ደግሞ መሸ። ማታ ሲሞከር ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሣ፤ ባልደረባዬም የወር ደመወዙን እኩሌታ ከፍሎ ደስ ብሎት ተመለሰ። በሳምንቱ እዚያው ቆቦ፣ በዚያው ሰዓት፣ አዲሱን ቦቢና እንደ ያዘ እንደገና ቆመ። ሞተሩን ያዳነው የምሽቱ ቅዝቃዜ ነበር፤ ገንዘቡን የተቀበለው ግን ሌላ ነው።

ምናልባት «የካርቡራቶር ዘመን እኮ አልፏል» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በውጭ አገር የሚገኙ ፋብሪካዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት ካርቡራቶርን እየተዉ ቤንዚንን በኤሌክትሪክ ትእዛዝ ወደሚረጭ መሣሪያ ተሻግረዋል። ይሁን እንጂ በከተሞቻችን አሮጌው ቮልስዋገን፣ ፊያት፣ ፔዦ 404፣ ላንድሮቨርና ላዳ ገና ከመንገድ አልጠፉም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፣ ያለውን አሮጌ ይዞ ማክረም ለብዙ ደመወዝተኛ የግድ ሆኗል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፈሳሽ ቤንዚን አይቃጠልም። የሚቃጠለው ተንኖ ከአየር ጋር የተደባለቀው ነው። የካርቡራቶርም ሥራ ይህን ድብልቅ መመጠን ነው፤ ሊጥ የምታቦካ ባለሙያ ሴት ለዱቄቷ የሚበቃውን ውሃ በዓይኗ እንደምትመጥን፣ ካርቡራቶርም በክብደት ለ1 እጅ ቤንዚን 15 እጅ ያህል አየር ይመጥናል። በባሕር ወለል ልክ ቢታሰብ 1 ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ወደ 9,000 ሊትር አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። ድብልቁ በጣም ከቀጠነ አይቀጣጠልም፤ በጣም ከወፈረም አይቀጣጠልም። በካርቡራቶሩ ጎን አንዲት ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያ አለች፤ በውስጧም ተንሳፋፊ ነገር ይገኛል፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ይህ ተንሳፋፊ ከፍ ብሎ በሩን ይዘጋል፣ ሲጎድል ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ይህችን ማጠራቀሚያ ያስታውሷት፤ የቆቦው ችግር የሚጀምረው ከእርሷ ነው።

በብርድ ጊዜ የሚሆነውን አስቀድመን እንይ፤ እርሱ ቀላሉ ነው። በማለዳ የሞተሩ ብረት ቀዝቃዛ ስለሆነ ከሚገባው ቤንዚን የሚተነው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረው በቧንቧው ግድግዳ ላይ ጠል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ለሲሊንደሩ የሚደርሰው ድብልቅ ቀጭን ይሆናል። ቾክ የተባለው መዝጊያ የተፈለሰፈው ለዚህ ነው፤ የካርቡራቶሩን የአየር ጉሮሮ ሲያጠብበው ሞተሩ ቤንዚን አብዝቶ ይስባል፤ ከብዙውም ውስጥ የሚተነው ጥቂት እጅ ለማስነሣት ይበቃል። ሞተሩ ከተነሣና ትንሽ ከሞቀ በኋላ ቾኩን ቀስ በቀስ መመለስ ያስፈልጋል። ስቦ የሚረሳ ሰው ቤንዚኑን ያባክናል፣ ካንዴላዎቹንም በጥላሸት ይለብጣል፤ በማግሥቱ ማለዳም «ምን ነካው?» ይላል።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ካርቡራቶር አየርን የሚለካው በስፋት እንጂ በክብደት ስላልሆነ፣ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ ሲሠራ ድብልቁ ራሱን በራሱ ይወፍራል። ስለዚህ በደጋ ቾኩን እስከ መጨረሻው ስቦ ማቆየት ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ነው።

አሁን ቁልቁል ወደ ራያ እንውረድ። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ፣ በምዕራብ በኩል ካለው ገደላማ ደጋና በምሥራቅ በኩል ከተዘረጋው ከዞብል ተራራ መካከል፣ በማሽላና በጤፍ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በሞተሩ ኮፈን ሥር ያለው ሙቀት ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ቤንዚን ደግሞ እንደ ውሃ በአንድ ዲግሪ የሚፈላ ነገር አይደለም፤ ቀለል ያለው ክፍሉ ከ40 ዲግሪ በታች መፍላት ይጀምራል፤ ከባዱ ክፍል እስከ 200 ዲግሪ ይጠብቃል። ከፍታም ያፋጥነዋል፤ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ቆቦ ላይ በ95 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ቤንዚኑም ከባሕር ዳርቻ ይልቅ ቶሎ ይፈላል።

«እንግዲያውስ መንገድ ላይ ሳለሁ ለምን አልቆመም?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱ በጉዞ ላይ ሦስት ነገሮች ሞተሩን ስለሚያቀዘቅዙት ነው፤ የሚመጣው ነፋስ፣ የሚዞረው ማራገቢያና ከታንኩ በየጊዜው የሚደርሰው አዲስ ቤንዚን። ሞተሩን ሲያጠፉት ሦስቱም ባንድ ጊዜ ያቆማሉ። በብረቱ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ግን አይቆምም፤ መውጫ ፈልጎ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ የተቀመጠው ደግሞ ካርቡራቶሩ ነው። ስለዚህ ካርቡራቶሩ ከሁሉ ይበልጥ የሚሞቀው በሚነዱበት ሰዓት ሳይሆን ሞተሩ ከጠፋ በኋላ፣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ይህም ሰው እጁን ታጥቦ፣ እንጀራውን በልቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ከሚነሣበት ሰዓት ጋር በትክክል የሚገጥም መሆኑ የነጂዎች መጥፎ ዕድል ነው።

በዚህ ጊዜ በትንሿ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል። የፈላው ቤንዚን ክዳኗን እንደ ገፋ ወጥ ገንፍሎ በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ወደ ታች ይንጠባጠባል፤ ከዚያ የሚወርደው ወደ ሞተሩ ቧንቧ ነው። እርስዎ ምሳዎን በሚበሉበት ጊዜ ሞተሩ በቤንዚን ተጥለቅልቋል። ድብልቁ ወፍሮ መቀጣጠል አልቻለም። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ቾክ መሳብ በጠገበ ሰው አፍ ላይ ጉርሻ እንደ መጨመር ነው። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥም እንደዚሁ፤ በብዙ ካርቡራቶሮች ውስጥ ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ቤንዚን የምትረጭ ትንሽ ፓምፕ አለችና፣ እያንዳንዷ ርግጫ ሌላ ጉርሻ ናት።

መድኃኒቱ አየር መስጠት ነው። ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ይመልከቱ። የቤንዚን መስጫውን ፔዳል በዝግታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እስከ ወለሉ ድረስ ይርገጡትና እዚያው ይያዙት፤ አይልቀቁት፣ አይደጋግሙት። ከዚያ ቁልፉን ለ10 ሰኮንድ ያህል ያዙሩ። ካልተነሣ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁና ይድገሙ፤ ሞተሪኖውም ባትሪውም ዕረፍት ያሻቸዋል። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ፣ ጥቁር ጢስ ተፍቶ ይነሣል፤ ያን ጊዜ እግርዎን ቀስ አድርገው ያንሡ።

በሙቀት የሚመጣ ሌላም ችግር አለ፤ ይህኛው ከመጥለቅለቅ የተለየ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቤንዚኑ የሚፈላው በማጠራቀሚያዋ ውስጥ ሳይሆን በነዳጁ ፓምፕና ወደ እርሱ በሚመጣው ቀጭን ቧንቧ ውስጥ ነው። ፓምፑ የተሠራው ፈሳሽ ለመግፋት ስለሆነ እንፋሎት ሲገባበት ወዲያና ወዲህ ይጨምቀዋል እንጂ ወደፊት አያሳልፈውም። ያን ጊዜ ሞተሩ ጠግቦ ሳይሆን ተርቦ ነው የቆመው። በጥጋብና በረኃብ መካከል እንዴት እንለይ? መሣሪያው ከፊትዎ ላይ ነው፤ አፍንጫዎ። ኮፈኑን ሲከፍቱ የቤንዚን ሽታ ጥርት ብሎ ከመጣ ሞተሩ ተጥለቅልቋል። ብዙ ጊዜ አዙረውት እንኳ ምንም ሽታ ከሌለ ቤንዚን አልደረሰውም። አፍንጫውን የማያምን ሰው አንድ ካንዴላ ፈትቶ ይመልከት፤ ርጥብ ከሆነ ጠግቧል፣ ደረቅ ከሆነ ተርቧል።

ለተራበው ሞተር ትዕግሥትና ርጥብ ጨርቅ ይበቁታል። ኮፈኑን ከፍተው ጨርቁን በውሃ ነክረው በፓምፑና በቧንቧው ላይ ይጠቅልሉ፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በቆቦ ደረቅ ነፋስ ይህ ፈጥኖ ይሠራል፤ ውሃ በቅልና በእንስራ የሚያቀዘቅዝ አገር ሰው ምክንያቱን አያጣውም። በቮልስዋገንና በፊያት 600 ሞተሩ ከኋላ መሆኑን፣ ቮልስዋገን ደግሞ በአየር እንጂ በውሃ የማይቀዘቅዝ መሆኑን አይርሱ፤ በእነዚህ ላይ የሚከፈተው የኋላው መዝጊያ ነው።

ሁለት ነገሮችን ግን እባክዎ አያድርጉ። የመጀመሪያው፣ በጋለው የሞተር ብረት ላይ ውሃ መድፋት ነው፤ ብረቱ በድንገት ተኮማትሮ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ጨርቁ ለፓምፑና ለቧንቧው ብቻ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የከፋ ነው። የአየር ማጣሪያውን አውልቀው በካርቡራቶሩ ጉሮሮ ላይ ከጠርሙስ ቤንዚን እያፈሰሱ ሌላ ሰው ቁልፍ እንዲያዞር የሚያደርጉ አሉ። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢተኩስ ነበልባሉ በዚያው ጉሮሮ ተመልሶ ይወጣል፤ ጠርሙሱም ያለው በሰውየው እጅ ነው። ፊታቸውና እጃቸው በዚህ ዓይነት የተቃጠለ ሰዎች አሉ። የትኛውም መንገድ የዚህን ያህል አያስቸኩልም።

ነገሩ በየጊዜው የሚመላለስብዎት ከሆነ መካኒክዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ከካርቡራቶሩ ሥር የነበረው ወፍራም ሰሌዳ አለ ወይ?» ብዙ ፋብሪካዎች በካርቡራቶሩና በጋለው ቧንቧ መካከል ሙቀት የማያሳልፍ፣ ከባካላይት ወይም ከጠንካራ ካርቶን የተሠራ ሰሌዳ ያስገባሉ። በጥገና ጊዜ ሲሰበር በስስ ወረቀት ይተካና ይረሳል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሲጠፋ ግን ካርቡራቶሩ በቀጥታ ምድጃ ላይ የተጣደ ያህል ነው። እንዲሁም የቤንዚኑ ቧንቧ ወደ ጢስ ማውጫው ተጠግቶ እንደ ሆነ ያስርቁት። ባልደረባዬ ከሁለተኛው መቆም በኋላ ያገኘው ጉድለት ይኸው ነበር፤ ሰሌዳው የለም፣ ቧንቧውም በጢስ ማውጫው ላይ ተኝቷል።

ይህን ስል ቦቢና ፈጽሞ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። ቦቢናም ሆነ ከእርሱ ጋር የሚሠራው ኮንደንሰር ሲያረጅ፣ ሲቀዘቅዝ ሠርቶ ሲሞቅ የሚደክም ጠባይ አለው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሞተሩ እንደ ጋለ፣ እዚያው በቆመበት፣ የእሳቱን ብልጭታ ያስፈትሹ። መካኒኩ አንድ ካንዴላ ከሽቦው ጋር አያይዞ፣ ከቤንዚን ርቆ፣ አካሉን በብረት ላይ አስነክቶ ሲያዞረው ብልጭታው ሰማያዊና ጠንካራ ከሆነ ቦቢናውን ይተዉት። ቀይና ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ፑንቲናውን ይዩ፤ በቮልስዋገን ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ማታ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ግን ምንም አይነግርዎትም፤ በሽተኛው ከዳነ በኋላ ትኩሳቱን እንደ መለካት ነው። ቁልፉ ሲዞር ጭራሽ ሞተሩ ሳይሽከረከር «ጠቅ» ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ካርቡራቶሩን አይንኩት፤ ጉዳዩ የባትሪው፣ የሽቦዎቹ ጫፍ ወይም የሞተሪኖው ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 በተሠሩት ባለ 6 ቮልት ቮልስዋገኖች ላይ ይህ ይበዛል።

የራያን አቧራም ሳናነሣ አንለፍ። የተደፈነ የአየር ማጣሪያ ሁልጊዜ እንደ ተሳበ ቾክ ነው፤ ሞተሩን ሳያውቁት ያጠግበዋል። በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን ካስገደደዎት፣ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለው ያስገቡ፤ ጥቂት ጠብታም በነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩ። ጥሩ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ የተደባለቀበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ላምባ በቀላሉ ስለማይተን የማለዳውን መነሣት ያከብደዋል። ለብዙ ወራት የቆመ አውቶሞቢልም ቤንዚኑ ተንኖ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ በካርቡራቶሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል። ቀዳዳዎቹ የተሠሩት ከነሐስ ስለሆነ በሽቦ መጎርጎር ያሰፋቸዋል፤ በአየር ይነፉ።

የጎማ ነገር ደግሞ አለ። በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር። ከ40 ዓመት በፊት የተሠሩ የጎማ ቧንቧዎችና የፓምፕ ሽፋኖች ኤታኖልን ታስበው የተሠሩ ስላልሆኑ ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ በስንጥቁም ፓምፑ ከቤንዚን ይልቅ አየር ይስባል። የእርስዎ ቧንቧ የአውቶሞቢሉ እኩያ ከሆነ ይቀይሩት።

ከቆቦ ወደ ሰሜን የሚቀጥሉ ከሆነ ዋጃንና አላማጣን አልፈው በግራካሱ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮረም ይወጣሉ፤ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍታ በጥቂት ኪሎሜትር ውስጥ ማለት ነው። ከላይ እንደ ደረሱ ሞተሩን ቶሎ አያጥፉት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ፣ አፍንጫውንም ወደ ነፋሱ አዙረው ያቁሙት። ባልደረባዬ ዛሬ ቆቦ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ያቆማል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ይተወዋል፣ እናቱ ቤት ገብቶ ቡናውን እስከ ሦስተኛው ድረስ ይጠጣል። እናቱም ዛሬ ቶሎ የማይሄድበትን ምክንያት ስላላወቁ ልጃቸው የረጋ ሰው ሆነ ብለው ለጎረቤት ይናገራሉ።